ሁለት ገጽ ሕግ ከስፕሪንግፊልድ

የልጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር ለማዘጋጀት የተሰበሰበ ኮሚቴ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው የትልልቆቹን ሕግ በመገልበጥ ነው። የጨዋታው ሰዓት ትንሽ ያጥራል፤ ሌላው እንዳለ ይቀራል። ቅርጫቱ እዚያው ከፍታ ላይ፣ ኳሱ በዚያው ክብደት፣ ማን ተሰልፎ ማን ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ደግሞ በአሰልጣኙ ፈቃድ። ጨዋታው ሲጀመር ልጆቹ ኳሱ ላይ ይከመራሉ፤ ፈርጠም ያለው ልጅ ኳሱን አቅፎ ይሮጣል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል። ግፊያው ሲበዛ ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰብና ቅጣት ይጨምራል። ያ ካልሠራ ሌላ ቅጣት ይደረባል። ሰዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ አብዛኞቹ ቅዳሜያቸውን ለሰው ልጆች የሰጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነገር ግን ጨዋታው ራሱ እንዴት እንደተወለደ ቢያስታውሱ ብዙ ድካም ይቀርላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። የቅርጫት ኳስ የመጀመሪያ ሕጎች የተጻፉት ልክ እንዲህ ያለ ችግር ለመፍታት ነውና።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1891 ነው፤ ቦታው በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ። የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ እኛ አገር ወወክማ የሚባለው፣ የስፖርት መምህራንንና የማኅበሩን ጸሐፊዎች የሚያሠለጥንበት ትምህርት ቤት ነበረው። ክረምቱ ገብቶ በረዶው ሲወርድ ተማሪው ሁሉ ወደ ጂምናዚየም ይገባል፤ እዚያ የሚጠብቀው ግን ሰልፍና የሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ ነበር። በተለይ ለጸሐፊነት የሚማሩት 18 ጎልማሶች ይህ ሰለቻቸው። ሁለት መምህራን ክፍሉን ሞክረው ተዉት። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍሉ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ ሦስተኛ ሰው ላከባቸው፤ የ30 ዓመቱን ካናዳዊ ጄምስ ኔይስሚዝን። በቤት ውስጥ የሚጫወቱት፣ ሰው የማይጎዳበት አዲስ ጨዋታ ፈልግ ብሎ ሁለት ሳምንት ሰጠው።

ኔይስሚዝ መጀመሪያ ያደረገው ዛሬ ኮሚቴዎቻችን የሚያደርጉትን ነው። የታወቁ ጨዋታዎችን ወደ ጂም አስገባ። የአሜሪካን ፉትቦል ቀለል አድርጎ ሞከረው፤ በጠንካራ የእንጨት ወለል ላይ ሰው መጣል አጥንት ሰበራ ነው፣ መጣሉን ከከለከለው ደግሞ ጨዋታው ጣዕሙን ያጣል። እግር ኳስ አስገባ፤ ጠባቡ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ቁርጭምጭሚት ተማቱ። ላክሮስ የሚባለውን የዱላ ጨዋታ አስገባ፤ ዱላው ፊትና እጅ ላይ አረፈ። ሁለቱ ሳምንታት ሊያልቁ ተቃረቡ።

እዚህ ላይ ነው ሰውየው አካሄዱን የቀየረው። ጨዋታ መምረጡን አቁሞ ጨዋታዎቹ ለምን ሰው እንደሚጎዱ ጠየቀ። ሰው የሚጣለው ለምንድን ነው? ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ፣ ሊያስቆመው የሚፈልግ ደግሞ አካሉን ከመያዝ በቀር መንገድ ስለሌለው። እንግዲያው ኳስ የያዘ አይሩጥ፤ ከቆመበት ይወርውር። ኳስ በኃይል የሚለጋው ለምንድን ነው? ጎሉ ፊት ለፊት የቆመ ስለሆነና ኃይል ስለሚያዋጣ። እንግዲያው የጎሉ አፍ ወደ ላይ ይሁን። በልጅነቱ በኦንታሪዮ ገጠር ይጫወተው የነበረ የድንጋይ ውርወራ ጨዋታ ነበር፤ እዚያ ቀጥ አድርጎ በኃይል ከሚወረውር ይልቅ ወደ ላይ ጎበጥ አድርጎ በልክ የሚጥል ያሸንፋል። ያ ትዝ አለው። ተከላካዮች ጎሉ ፊት እንዳይከመሩስ? ጎሉ ከራሳቸው በላይ ይሁን። ዱላ ሰው ከጎዳ ዱላ አይኑር፤ ኳሱ ትልቅና ለስለስ ያለ ይሁን፣ በእጅ ብቻ ይያዝ።

በእነዚህ ውሳኔዎች ውስጥ “የሚገፋ ይቀጣል” የሚል የለም፤ ቅጣቱ ኋላ ይመጣል። ኔይስሚዝ የቀደመው ጠቡ የሚነሳበትን ምክንያት ለማንሳት ነው፤ አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚሉት። የልጆች ውድድር ሕግ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህን ቢይዝ ደስ ይለኛል። ልጅ ሲገፋ “ማንን እንቅጣ?” ከማለት በፊት “ምን አስገፋው?” ብሎ መጠየቅ።

ሕጉን የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በሁለት ገጽ ተየበችው፤ 13 አንቀጽ ነበር፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው ታኅሣሥ 1891 ነው ይባላል፤ ውጤቱ 1 ለ 0። እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ተጫዋች ነበረው። ኔይስሚዝ ግን ራሱ ለሕልፈት በቃበት ዓመት፣ በጥር 1939፣ በአንድ የኒው ዮርክ ሬዲዮ ዝግጅት ላይ ቀርቦ ነገሩን በሌላ መልክ ተርኮታል። መጀመሪያ ላይ በቂ ሕግ አልነበረውም፤ ፊሽካ ሲነፋ ተማሪዎቹ መያያዝ፣ መራገጥ፣ መቧቀስ ጀመሩ፤ በመጨረሻም በጂሙ መሀል የጅምላ ድብድብ ሆነ። አንዱ ራሱን ሳተ፣ የብዙዎች ዓይን በለዘ፣ የአንዱ ትከሻ ወለቀ። ይጋደላሉ ብሎ ቢፈራም ልጆቹ እንደገና እንዲያጫውታቸው ነዘነዙት። ተጨማሪ ሕጎች አወጣ፤ ከሁሉም ዋነኛው ኳስ ይዞ መሮጥን የሚከለክለው ነበር። ከዚያ በኋላ የተጎዳ አልነበረም አለ።

ከሞተ በኋላ በ1941 የታተመው መጽሐፉ ውስጥ ግን ሕጉን አስቀድሞ እንዳሰበበት ይተርካል። ሁለቱን ትረካዎች ማስታረቅ የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራ ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው ነጥብ ግን አንድ ነው፤ ድብድቡን ያስቆመው ተደባዳቢውን መቅጣት ሳይሆን ለድብድቡ በር የከፈተውን ሩጫ መዝጋት ነው። የሬዲዮውን ትረካ ደግሞ ለሌላ ምክንያት እወደዋለሁ። የተጎዱት ራሳቸው “እንደገና እንጫወት” ብለው ለመኑ። ጨዋታ የሚጠሉ ልጆች ብዙም የሉም፤ የተበላሸ ጨዋታ ውስጥ የገቡ ልጆች ናቸው ብዙዎቹ።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ፤ ቅጣት አያስፈልግም አላልኩምና። አምስተኛው ሕግ በትከሻ መግጨትን፣ መያዝን፣ መግፋትን፣ መምታትንና መጥለፍን ይከለክላል። የመጀመሪያ ጥፋት እንደ ፋውል ይቆጠራል። ሁለተኛውን ያጠፋ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን ቀጣዩ ጎል እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው። ሰው ለመጉዳት አስቦ እንዳደረገው ከታየ ግን ለጨዋታው በሙሉ ይወጣል። በሁለቱም ሁኔታ በቦታው ሌላ ሰው አይገባም። ይህን አንቀጽ ለልጆች ውድድር እንዳለ ብንወስደው እመርጣለሁ። ልጁ ሲቀጣ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ መመለሻው ቅርብ ነው፤ በስሜት በገፋ ልጅና ሆን ብሎ በጎዳ ልጅ መካከል ሕጉ ይለያል። ዛሬ በትልልቆቹ ሕግ አምስት ወይም ስድስት ፋውል የሠራ ተጫዋች ለዚያ ጨዋታ ይሰናበታል፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ምን ያስተምራል? ገና መያዝና መከላከልን ለይቶ ያላወቀ ልጅ በጨዋታው አጋማሽ ጫማውን ፈትቶ ይቀመጣል። ሰባተኛው ሕግ ደግሞ አንድ ቡድን፣ ሌላው በመሀል ሳያጠፋ፣ ሦስት ጥፋት በተከታታይ ከሠራ ለተጋጣሚው ጎል ይቆጠራል ይላል። ስለዚህ የሚገፋውን ልጅ “ተው” የሚሉት ጓደኞቹ ናቸው፤ ከአሰልጣኝ ጩኸት ይህ ይበልጣል።

በ13ቱ ሕጎች ውስጥ ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው የሚያስተምርበት ቦታም አለ። ስንት ሰው እንደሚሰለፍ የትም አልተገለጸም። ዘጠኝ በዘጠኝ የሆኑት ክፍሉ ውስጥ 18 ሰው ስለነበረ ነው፤ አምስት በአምስት መጫወት የጸናው በ1897 ነው። ይህ ማለት ጨዋታው ሲወለድ ተቀያሪ ወንበር የሚባል ነገር አልነበረውም። የመጣ ሁሉ ተጫወተ። ልጆችን ሰብስበን ግማሾቹን ተመልካች ስናደርግ የጨዋታውን ባህል እያከበርን ነው ብለን አናስብ፤ ከተወለደበት ሐሳብ እየራቅን ነው። ለመዝናናት በተቋቋመ የልጆች ሊግ ውስጥ እኩል የመጫወቻ ጊዜ በአሰልጣኙ ደግነት ላይ መተው የለበትም፤ ሕግ ውስጥ መግባት አለበት። ደግ አሰልጣኝም ቢሆን ሁለት ነጥብ ሲቀድም ደካማውን ልጅ ማስገባት ይከብደዋል፤ ሕግ ሲሆን ግን ከወላጅም፣ ከራሱ ፈተናም ይጠብቀዋል።

ስለ ቅርጫቱ ከፍታ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኔይስሚዝ የትምህርት ቤቱን ጽዳት ሠራተኛ ሁለት ሣጥን እንዲፈልግለት ጠየቀው፤ ሰውየው ሣጥን አጥቶ ሁለት የኮክ ቅርጫት አመጣ። ቅርጫቶቹ በጂሙ ዙሪያ ካለው ሰገነት ታችኛ እንጨት ላይ በምስማር ተመቱ። ያ እንጨት ከወለሉ 10 ጫማ፣ ማለትም 3.05 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዓለም ዙሪያ ዛሬም የጸናው ቁመት ይኸው ነው። ማንም የሰውን ክንድና ጉልበት ለክቶ የወሰነው አይደለም፤ የአንድ ሕንፃ ሰገነት እዚያ ላይ ስለነበረ ነው። ለጎልማሶች ተስማማ፣ ቀረ። ከዚህ ቁመት በታች ቅርጫት መስቀልን የጨዋታውን ክብር እንደማጉደል የሚያዩ አሰልጣኞች አሉ። የስምንት ዓመት ልጅ ግን እዚያ ለማድረስ ኳሱን ከወገቡ በታች አውርዶ፣ ወገቡን ጠምዝዞ፣ በሁለት እጁ ይወረውራል። ያን አወራወር ከለመደ በኋላ ለማስተው ዓመታት ይፈጃል።

በ1950 አካባቢ በፔንሲልቬንያ ግዛት ስክራንተን ከተማ ጄይ አርቸር የተባለ ሰው ይህን አይቶ ለልጆች የሚሆን ጨዋታ ጀመረ፤ ቅርጫቱን ወደ 8 ጫማ ተኩል አወረደ፣ ኳሱን አሳነሰ። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ሚኒ ባስኬት የሚለው፣ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን፣ ቅርጫቱ 2.60 ሜትር ላይ የተሰቀለ ጨዋታ የሐሳቡ ዘር ከዚያ የመጣ ነው። ኤንቢኤና የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ማኅበር በጋራ ያወጡት የወጣቶች መመሪያ ደግሞ ለ7 እና 8 ዓመት ልጆች 8 ጫማ፣ ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉት 9 ጫማ ያደርገዋል፤ 10 ጫማው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ለእነዚህ ትንንሾች ከሩቅ የሚገባ ኳስ ሦስት ነጥብ አይቆጠርም። ዞን የሚባለውን መከላከያ መጫወትም አይፈቀድም፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ልጅ ይጠብቃል። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትንንሽ ልጆች ከሩቅ ማስገባት ስለማይችሉ አምስቱን ቅርጫት ሥር ያቆመ አሰልጣኝ ያሸንፋል፤ ልጆቹ ግን መከላከልንም ማጥቃትንም ሳይማሩ ወቅቱ ያልፋል።

በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ግቢ ያሉት ምሰሶዎች በአብዛኛው በሲሚንቶ የተተከሉ ናቸው፤ ዝቅ አይሉም። ብየዳ የሚችል ሰው ካለ ግን ምሰሶው ጎን ላይ ሌላ ሪንግ ዝቅ አድርጎ ማያያዝ ይቻላል። እሱም ባይሆን ኳሱን መቀየር ይቀላል። የትልልቆቹ ሰባት ቁጥር ኳስ 600 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የልጆቹ አምስት ቁጥር ግን 500 ግራም አይሞላም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን፣ ልጆቻቸውን የካውንቲው መዝናኛ ክፍል ሊግ ውስጥ ሲያስመዘግቡ፣ ከክፍያውና ከማሊያው ጋር ስለ ቅርጫቱ ቁመትና ስለ መጫወቻ ጊዜው ደንብ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ኔይስሚዝ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ዘጠነኛው ሕግ ከሜዳ የወጣ ኳስ መጀመሪያ ለነካው ሰው ነው ይላል። ውጤቱን መገመት አያዳግትም። ኳሱ ሰገነት ላይ ሲወጣ ተጫዋቾች ደረጃውን እየተገፋፉ ይወጡ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይንጠላጠል ጀመር። ግፊያን ለማጥፋት የተጻፈ ሕግ በአንድ አንቀጹ ግፊያ ይሸልም ነበር። አንዳንድ ቦታ ሜዳውን በሽቦ አጥር ከበቡት፤ ኳሱ እንዳይወጣ። አጥሩ ደግሞ የራሱን ጉዳት አመጣ። ነገሩ የተፈታው በ1913 ነው፤ ኳሱን መጨረሻ ያልነካው ቡድን ይውሰድ ተባለ። በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር የደረጃ ላይ ሩጫው ከንቱ ሆነ። ጉዳዩ ያለቀው በቅጣት ሳይሆን ሽልማቱን በማንሳት ነው። በ1954 በአሜሪካ የሙያተኞች ሊግ የተደረገውም የዚሁ ዘመድ ነው። መሪ የሆነ ቡድን ኳሱን እያቀባበለ ሰዓት ያባክን ነበር፤ በኅዳር 1950 አንድ ጨዋታ 19 ለ 18 አልቋል። የሰራኪዩሱ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶኔ የ48 ደቂቃውን 2,880 ሴኮንድ ለ120 ሙከራ አካፍሎ 24 አገኘ፤ በየ24 ሴኮንዱ ወደ ቅርጫት መወርወር ግድ ሆነ፤ ማባከኑ በዚያው ቀረ።

ለየት ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠን ግን የሴንዳ ቤረንሰን ታሪክ ነው። ከስፕሪንግፊልድ ብዙም በማይርቀው ስሚዝ ኮሌጅ የሴቶች ስፖርት መምህርት ነበረች። በ1892 ጨዋታውን ለተማሪዎቿ አስተማረች፤ ሕጉን ግን አልገለበጠችም፤ የፊቷን ተማሪዎች አይታ አስተካከለችው። ሜዳውን በሦስት ከፈለች፤ እያንዳንዷ በክፍሏ ትቆያለች፤ ከሰው እጅ ኳስ መንጠቅ ተከለከለ፤ ኳስ ከሦስት ሴኮንድ በላይ መያዝ አይቻልም። ሐሳቧ ጥቂት ጎበዞች ሜዳውን ሞልተው ሌሎቹን እንዳያስቀሩና ሁሉም እየተቀባበሉ እንዲጫወቱ ነበር፤ ለጀማሪ ልጆች ዛሬም የሚሠራ ሐሳብ ነው። ሕጉ ግን የዘመኑን አስተሳሰብም አዝሎ ነበር፤ ሴት ብዙ መሮጥ አይገባትም የሚለውን። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወቱትን ለመርዳት የተጻፈው ነገር ለሴቶች ሁሉ የዘላለም ወሰን ሆነ። በአዮዋ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሦስት አጥቂና ሦስት ተከላካይ ሆነው፣ የመሀል መስመሩን ሳይሻገሩ፣ ኳስ ከሁለት ጊዜ በላይ ሳያነጥሩ የተጫወቱት እስከ 1993 ድረስ ነው። ሕዝቡ ያን ጨዋታ ከልቡ ይወድ ነበር፤ አዳራሾቹ ይሞላሉ። ነገር ግን ተከላካይ የሆነች ልጅ አራት ዓመት ተጫውታ አንዲት ኳስ ወደ ቅርጫት ሳትወረውር ልትመረቅ ትችል ነበር።

ስለዚህ ለትንንሾች የወጣ ደንብ እስከ ስንት ዓመት እንደሚጸና አብሮ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ዞን መከላከያ እስከ 11 ዓመት ይከልከል፤ 12 ላይ ይፈታ። ዝቅ ያለው ቅርጫት ከዚህ ክፍል እስከዚያ ክፍል ይሁን። እኩል መጫወት የሚለውን ግን ለመዝናናት የተቋቋመ ሊግ በየትኛውም ዕድሜ ቢይዘው አልጠላም።

አንድ የቀረኝ ነገር የዳኞች ጉዳይ ነው። ከ13ቱ ሕጎች 10ኛውና 11ኛው ሥራውን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ የሰዎቹ ዳኛ ነው፤ ጥፋት ይመዘግባል፣ ከሜዳ የማስወጣት ሥልጣን አለው። ሌላው የኳሱ ዳኛ ነው፤ ኳሱ መቼ በጨዋታ ላይ እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ ጎል መግባቱን ይወስናል፤ ሰዓትም ይይዛል። በበጎ ፈቃደኞች በሚመራ ሊግ ሁለት አዋቂ ሜዳ ላይ ቢኖር ሁለቱም እንደ ተመልካቹ ኳሱን ይከተላሉ። የኔይስሚዝን ክፍፍል ብንመልሰው አንደኛው ዓይኑ ልጆቹ ላይ ብቻ ይሆናል፤ ኳስ በሌለበት በኩል ማን ተገፋ፣ ማን እያነከሰ ነው፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማን ኳስ አልነካም። ይህ ሰው እርሳስና ወረቀት ይያዝ። የውድድሩ ሦስተኛ ሳምንት ላይ ኮሚቴው ደንቡን ለማየት ሲሰበሰብ መጀመሪያ የሚነበበው የእሱ ወረቀት ይሁን፤ የነጥብ ሰንጠረዡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።